እማዬም ወንድሜም ደም ማነስ ተባሉ፤ ሁለቱም አንድ ዓይነት የብረት ክኒን ይውሰዱ?

የሰንጋተራዋ · ሰኞ ማታ 2፡15

ሰላም ለዚህ ቤት። ሁለት የላብራቶሪ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ እያየሁ ነው የምጽፍላችሁ። ሊረዝም ነው፣ ታገሱኝ።

እናቴ 54 ዓመቷ ነው። የወር አበባዋ ከቆመ በኋላ እንደገና ደም ይፈሳት ጀመረ። አፍራ ለኛ ሳትነግር ወራት አሳለፈች። የማሕፀን በር ካንሰር መሆኑ ታውቆ ጥቁር አንበሳ የጨረር ቀጠሮ ይዘናል። ከጨረሩ ጋር በሳምንት አንድ ቀን ሲስፕላቲን የሚባል መድኃኒት ትወስዳለች ተብሏል። ሄሞግሎቢኗ፣ ማለት በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው፣ 8.9 ነው።

ወንድሜ 27 ነው። ተክለሃይማኖት አካባቢ አሮጌ የመኪና ባትሪ ከሚያድስ ሰው ዘንድ ስድስት ዓመት ሠርቷል። ባትሪውን ፈልጠው ያወጣሉ፣ እርሳሱን ያቀልጣሉ፣ መልሰው ይሠሩበታል። ከክረምቱ ወዲህ ሆዱን ይቆርጠዋል፣ ሰገራ ይደርቅበታል፣ በሆነ ባልሆነው ይቆጣል። እሱ እንዲህ አልነበረም። እማዬን ለመሸኘት አብሮ ሄዶ ሲመረመር 10.6 ተባለ።

ሁለቱን ወረቀት ይዤ አንድ መድኃኒት ቤት ስገባ ምንም ሳልጠየቅ ለሁለቱም አንድ ዓይነት የብረት ክኒን ተሰጠኝ። ጎረቤታችን ደግሞ ቀይ ሥርና ጉበት ትላለች። የእማዬ ማኅበርተኛ ብረት ካንሰሩን ይመግበዋል ብላ አስደንግጣታለች። እማዬ ክኒኑን በመሀረብ ቋጥራ አስቀምጣዋለች፤ አልውጥም ብላለች። ወንድሜ መዋጥ ጀምሯል። ምን ላድርግ?


መድኃኒት ቀማሚ · ሰኞ ማታ 3፡02

እህቴ፣ እናትሽን እግዜር ይማርልሽ። በሙያ ፋርማሲስት ነኝ፤ ወረቀት አይቶ ሳይጠይቅ ክኒን መስጠት ግን ሥራችን አይደለም። ስለዚያ አዝናለሁ።

ደም ማነስ የምልክት ስም ነው፣ እንደ ትኩሳት ማለት ነው። መቅኔ በቀን ወደ 200 ቢሊዮን ቀይ የደም ሴል ያመርታል፤ ለዚህም ከ20 እስከ 25 ሚሊግራም ብረት ይፈጃል። ከምግብ የምናስገባው ግን 1 ወይም 2 ሚሊግራም ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ 120 ቀን ኖረው ከሚያረጁት ሴሎች ተለቅሞ የሚመለስ ነው። ደም ወደ ውጭ የሚፈሰው ሰው ግን ብረቱም አብሮ ይወጣበታልና መልሶ የሚለቅመው የለውም። የእናትሽ ታሪክ ይህን ይመስላል፤ በሰውነት የተከማቸውን ብረት የሚያሳየው ፌሪቲን የሚባለው ምርመራ ይነግራችኋል።

ወንድምሽ ግን ደም አይፈሰውም፣ ወጣት ወንድ ነው፣ ሥራው ደግሞ እርሳስ ነው። ብረት ቢጎድለው እንኳ ከየት ጎደለ ተብሎ መጠየቅ አለበት። የእርሳስ ምርመራ ሳይደረግለት ክኒን እየዋጠ ወደዚያው ሥራ ከተመለሰ ተሽሎኛል እያለ ይመረዛል። ይህን በጣም እፈራለሁ።

እናትሽ ክኒኑን ትውሰድ አትውሰድ የሚለውን ነገ ጠዋት የካንሰር ሐኪሟን ጠይቁ። ብረቷ ባዶ ከሆነ መሙላት ካንሰርን መመገብ አይደለም፤ ዋናው ጭንቀት እሱ አይደለም። ዋናው ጊዜ ነው፤ ክኒን ሄሞግሎቢንን በአንድ ነጥብ ለማሳደግ ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈልጋል፣ ጨረሩ ያን ያህል አይጠብቅም።


ባትሪ ቤት የኖርኩ · ሰኞ ማታ 4፡30

የወንድምሽን ነገር ሳነብ እጄ ተንቀጠቀጠ። አስራ አንድ ዓመት እዚያው ሥራ ላይ ነበርኩ፤ ከወጣሁ ስምንት ዓመቴ ነው። ያ የሆድ ቁርጠት እንዴት እንደሆነ አውቀዋለሁ። ኮሶ ነው አሉኝ፣ ጨጓራ ነው አሉኝ፣ ጠበልም ገባሁ።

እኛ ዘንድ እምነቱ ወተት ነበር። ከሥራ በኋላ ግማሽ ሊትር ወተት ከጠጣህ እርሳሱን ያጥበዋል ይባላል። አሠሪያችን ራሱ በሳምንት ሦስት ቀን ወተት ይገዛልን ነበር፤ ክፉ ሰው ስለነበር አይደለም፣ የሚያውቀው ያንን ነው። ምሳችንን ግን በዚያው እጅ እንበላለን፣ እዚያው ምድጃው አጠገብ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ቱታውን ማን ነው የሚያጥብለት?


ከማይክሮስኮፑ ጀርባ · ማክሰኞ ጠዋት 1፡20

የላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ቀማሚው ያለውን ልጨምርበት፤ ምክንያቱም እርሳስ ደም ላይ የሚሠራው ሥራ ካልገባ ምርመራው ለምን እንዳስፈለገ አይገባም።

ፒያሳ ወርቅ ቤት ቀለበት ሲሠራ አይታችሁ ከሆነ መጀመሪያ ቀለበቱ ይዞራል፣ ከዚያ ፈርጡ መሃሉ ላይ ይቀመጣል። በደማችን ውስጥ ሄም የምንለውም እንዲሁ ነው፤ ቀለበት አለ፣ መሃሉ ላይ የሚቀመጠው ፈርጥ ብረት ነው። አንድ ሄሞግሎቢን አራት እንዲህ ያለ ቀለበት ይዟል፤ ኦክስጅን የሚሸከሙት እነዚያ አራት ብረቶች ናቸው። እርሳስ ሁለት ቦታ ይገባል። ቀለበቱን ከሚሠሩት ኢንዛይሞች አንዱን፣ አላድ የሚባለውን፣ ያሰናክላል። መጨረሻ ላይ ፈርጡን የሚያስገባውን ፌሮኬላቴዝንም ይይዘዋል። ስለዚህ ብረቱ በእጁ እያለ ወርቅ ሠሪው ማስቀመጥ አይችልም። በብረቱ ቦታ ዚንክ ይገባና ዚንክ ፕሮቶፖርፊሪን የሚባል ነገር ደም ውስጥ ይበዛል። ለዚህ ነው ለወንድምሽ ብረት መጨመር ብቻውን መፍትሔ የማይሆነው።

ሆኖም ብረት ለእሱ ምንም አያገባውም ማለት አይደለም። ብረት የጎደለው ሰው አንጀቱ ብረት የሚያስገባበትን በር በሰፊው ይከፍተዋል፤ እርሳስም በዚያው በር ይገባል። ስለዚህ ፌሪቲን ለእሱም ይታይለት።

የደም ስላይዱን የሚያይ ሰው ካገኛችሁ ፔሪፈራል ሞርፎሎጂ ጠይቁ። በእርሳስ የተመረዘ ደም ላይ ቀይ ሴሎቹ ውስጥ ሰማያዊ ነጠብጣብ አንዳንዴ ይታያል። ነጠብጣቡ በሌላ በሽታም ይመጣል፣ አለመኖሩም ነፃ አያወጣም፤ ማረጋገጫው በደም ውስጥ ያለውን እርሳስ መለካት ብቻ ነው። ደሙ ከክንድ ሥር ይቀዳ፣ ከጣት አይሁን። ባትሪ የነካ ጣት ላይ ያለው ብናኝ ናሙናውን ያበላሸዋል።

ሌላ፣ ትንሽ ነገር፦ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። እዚህ 10.6 የሆነ ወጣት ወንድ ጅቡቲ 10.6 ከሆነው የበለጠ ያሳስበኛል፤ ከፍታው ደም ያበዛል ተብሎ ስለሚጠበቅ።


መምህር ዘአራት ኪሎ · ማክሰኞ ቀትር 6፡10

ስለ ከፍታው ያሉት ልክ ነው፤ ግን የኛ ደገኞች ትንሽ ይለያሉ። በሰሜን ተራሮች አምባራስ በምትባል 3,530 ሜትር ላይ ባለች መንደር የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት የነዋሪዎቹ ሄሞግሎቢን ከባሕር ጠረፍ ሰው ብዙም እንደማይለይ አሳይቷል። የአንዲስ ተራራ ሰዎች ደም በዚያ ከፍታ በጣም ይበዛል። ስለዚህ ቁጥሩን በሰንጠረዥ ብቻ ማረም ያሳስታል። ለወንድሟ ግን መደምደሚያው አይለወጥም፤ 10.6 በየትኛውም መለኪያ ዝቅ ያለ ነው።


አስተያየቴ · ማክሰኞ ቀትር 7፡45

እርሳስን የምታጋንኑት ይመስለኛል። ቤንዚን ውስጥ የነበረው ከቀረ ስንት ዓመቱ ነው። ደግሞም ራጅ ክፍል ሰዎቹ የሚለብሱት የእርሳስ ሽርጥ አይደል? እርሳስ ጨረር ይከላከላል። ያ ከሆነ ትንሽ እርሳስ ሰውነት ውስጥ ያለው ሰው ከጨረር ይጠበቃል ማለት ነው ብዬ አሰብኩ። ካጠፋሁ አርሙኝ።


የጨረር ክፍል · ማክሰኞ ማታ 1፡50

በጨረር ሕክምና ክፍል ቴክኖሎጂስት ሆኜ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ወንድሜ አስተያየቴ፣ መጠየቅህ ጥሩ ነው፤ ይህን የሚያስቡ ብዙ ናቸው።

ሽርጡ የሚከላከለው ውጭ ሆኖ፣ ወፍሮ፣ ክብደት ስላለው ነው፤ ጨረሩ ሰውነት ጋ ሳይደርስ ይውጠዋል። ደም ውስጥ ያለው እርሳስ ግን በማይክሮግራም የሚቆጠር ነው፤ የሚጋርደው ነገር የለም። እንዲያውም ከባድ ብረቶች ጨረር የሰበረውን ዲኤንኤ ሴሉ እንዳይጠግን ያውካሉ። አርሴኒክ ከጥገና ፕሮቲኖች አንዱ ላይ ዚንኩን አስነስቶ ራሱ ይቀመጥበታል። ካድሚየምም ጥገናውን ያዳክማል። ቤንዚኑ ቀርቷል፣ እውነት ነው፤ የመጨረሻዋ አገር አልጄሪያ እ.ኤ.አ. በ2021 አቁማለች። የባትሪ እርሳስ ግን ከቤንዚኑ ጋር አልሄደም።

አሁን ወደ እናታችን። ጨረር ካንሰሩን የሚገድለው በአብዛኛው ሴሉ ውስጥ ያለውን ውሃ ሰባብሮ ከዚያ በሚወጡ ኃይለኛ ቁርጥራጮች ዲኤንኤውን በመጉዳት ነው። እዚያ ቦታ ኦክስጅን ካለ ጉዳቱ ይጸናል፣ ሴሉ መልሶ ሊያርመው አይችልም። ኦክስጅን ከሌለ ብዙው ጉዳት ይታረማል። አየር ያጠረውን ሴል ለመግደል ከሁለት ተኩል እስከ ሦስት እጥፍ ጨረር ያስፈልጋል። እንግሊዛዊው ግሬይና ባልደረቦቹ ይህን በ1953 እ.ኤ.አ. ጽፈውታል፤ ዛሬ ጨረር የምንለካበት ግሬይ የሚባለው መለኪያም በእሱ ስም ነው።

ኦክስጅኑን ወደ እጢው የሚወስደው ደግሞ ሄሞግሎቢን ነው። ለዚህ ነው 8.9 ሐኪሙን የሚያሳስበው። ብዙ ማዕከላት ሕክምናው እስኪያልቅ ሄሞግሎቢን ከ10 በላይ እንዲሆን ይጥራሉ። ክኒኑ ስለማይደርስ ደም መስጠት ነው። ስለዚህ ዘመድ አሰባስቡ፣ ደም የሚሰጥ ሰው ካሁኑ ይዘጋጅ።

አንድ ጥያቄ ልቀድም፦ ደም የሚያበዛውን ኤሪትሮፖይቲን የሚባለውን መርፌ ለምን አይሰጧትም ትሉ ይሆናል። ጀርመን አገር የራስና የአንገት ካንሰር ጨረር ለሚወስዱ ሰዎች ተሰጥቶ ነበር። የእ.ኤ.አ. 2003ቱ ውጤት ሄሞግሎቢናቸው አድጎ ካንሰሩን መቆጣጠሩ ግን የባሰ መሆኑን አሳየ። ደም መብዛቱ ብቻ አይደለም ነገሩ፤ እንዴት እንደበዛም ይጠየቃል።


የሰንጋተራዋ · ማክሰኞ ማታ 4፡20

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። እያነበብኩ ለእማዬ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላት።

ባትሪ ቤት የኖርኩ፣ ጥያቄህ ሌሊቱን እንቅልፍ ነሥቶኛል። ቱታውን የምታጥበው እማዬ ናት። በሳፋ፣ በእጇ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ። ከመዘፍዘፏ በፊት ደጅ ላይ ታራግፈዋለች። ልጄ ሦስት ዓመቷ ነው፣ ከአያቷ ጉያ አትለይም፣ እዚያው ሳፋው አጠገብ ነው የምትጫወተው።


ባትሪ ቤት የኖርኩ · ማክሰኞ ማታ 4፡41

አይዞሽ። የኔንም ባለቤቴ ነበረች የምታጥበው። ማንም አልነገረንም።

ዛሬውኑ እንዲህ አድርጉ። ቱታውን በፌስታል ቋጥሩት፣ አታራግፉት። ጫማው ከበር ውጭ ይደር። ወለሉን በመጥረጊያ አትጥረጉ፣ ብናኙን ያስነሣዋል፤ በእርጥብ ጨርቅ ወልውሉ፣ ጨርቁንም ልጅቷ በማትደርስበት እጠቡት። ልጅቷን ሐኪም ዘንድ ውሰጂ፣ ለነገ አትበይ።


ናርዶስ የሕፃናት · ረቡዕ ጠዋት 2፡05

የሕፃናት ሐኪም ነኝ። የምናክመው ከሚስሉና ከሚያስቀምጣቸው ልጆች መካከል ስንቶቹ እርሳስ እንዳለባቸው አስቤ አላውቅም ነበር፤ ይህ ውይይት እስከ ሌሊት አስቆየኝ።

እህት፣ ልጅሽ ደህና መስላ ብትታይም ትመርመር። የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የማያደርስ የእርሳስ መጠን አይታወቅም ይላል፤ በደም ውስጥ 5 ማይክሮግራም በዴሲሊትር ወይም ከዚያ በላይ ሲገኝ ምንጩ ተፈልጎ ይዘጋ ብሎ ይመክራል። ሕፃን የዋጠውን እርሳስ ከአዋቂ በላይ ወደ ደሙ ያስገባል፣ አንጎሉም ገና በመሠራት ላይ ነው። ናይጄሪያ ዛምፋራ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2010 ከ400 በላይ ሕፃናት የሞቱት ወርቅ ለማውጣት ድንጋዩን ግቢያቸው ውስጥ ይፈጩ ስለነበር ነው። እርሳሱ ቤት ውስጥ ነበር የገባባቸው።

ቁጥሯ ከፍ ቢል አትደንግጪ። እርሳስ የሚያወጣ መድኃኒት ለሕፃናት የሚሰጠው 45 ሲደርስ ነው፤ ከዚያ በታች ዋናው ሕክምና ምንጩን ማራቅና ምግቧን ማስተካከል ነው። ብረትና ካልሲየም ያለው ምግብ፣ ሆዷ ባዶ ሳይሆን። ምስር ወጥ ላይ ሎሚ ጭመቂበት፣ ብረቱን ሰውነቷ ይበልጥ ይወስደዋል፤ ሻይ ከምግብ ጋር አትስጫት። ጤፉም ጥሩ ነው፣ ግን ከጤፉ ብረት ብዙው ከአውድማው አፈር የመጣ ስለሆነ በእሱ ብቻ አትተማመኚ።


የሰንጋተራዋ · ረቡዕ ማታ 2፡30

ነገ ሦስታችንም እንሄዳለን። እስከዚያው ሌላ ጥያቄ። አክስቴ ከውጭ የመጣ ጠርሙስ አምጥታልናለች፤ ደም ያበዛል፣ አቅም ይሰጣል ይላል። ላዩ ላይ ዚንክ 50 ሚሊግራም፣ ኮባልት፣ ማንጋኒዝ ይላል። ብረት የለውምና ለሁለቱም ይሆናል ትላለች። በፍቅር ነው ያመጣችው፣ እምቢ ማለት ከበደኝ።


መምህር ዘአራት ኪሎ · ረቡዕ ማታ 3፡15

ኮባልት የሚለውን ሳይ ዝም ማለት አልቻልኩም። ስለ ደም ከሚነገሩ ብረቶች ሁሉ ታሪኩ እንደ ኮባልት የተወሳሰበ አላውቅም።

መጀመሪያ፣ ያስፈልገናል። ቫይታሚን ቢ12 መሃሉ ላይ ያለው ኮባልት ነው፤ ያለ እሱ መቅኔ ሴሎቹን በወጉ አይከፍልም። ቅርጹን ያገኘችው እንግሊዛዊቷ ዶሮቲ ሆጅኪን ናት፣ በ1956 እ.ኤ.አ.፤ በ1964ም የኖቤል ሽልማት አገኘችበት። ግን የምንፈልገው በማይክሮግራም ነው፣ ያውም በቫይታሚኑ መልክ።

ጨው ሆኖ ሲሰጥ ኮባልት ሌላ ሥራ ይሠራል። ሰውነትን አየር እንዳጠረው አድርጎ ያታልለዋል። ኦክስጅን ሲያንስ የሚነሣ አንድ ፕሮቲን አለ፣ በደህናው ጊዜ ወዲያው ይፈርሳል። ኮባልት እንዳይፈርስ ያደርገዋል፤ ኩላሊት ኤሪትሮፖይቲን ያፈልቃል፣ ደም ይበዛል። ለዚህ ብለው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ኮባልት ክሎራይድን ለደም ማነስ ይሰጡ ነበር። ደም በዛ፣ እንቅርትም አብሮ መጣ። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1965 እና 66 ካናዳ ኩቤክ ከተማ የቢራ አረፋ እንዲቆም ኮባልት ጨመሩበት፤ ብዙ የሚጠጡ ሰዎች በልብ ድካም ታመው 20 ያህሉ ሞቱ።

እንግዲህ የጨረር ክፍሉ ወንድማችን ካሉት ጋር አያይዙት። እናታችን የምትፈልገው እጢው ኦክስጅን እንዲያገኝ ነው። ኮባልት የሚያደርገው ሴሎችን አየር አጥሯችኋል ብሎ ማስነሣት ነው። ላብራቶሪ ውስጥ ተመራማሪዎች አየር ያጠረውን ሴል ለመምሰል የሚጠቀሙት ይህንኑ ኮባልት ክሎራይድ ነው። በጨረር ጊዜ ይህን ለእሷ መስጠት አልፈልግም።


መድኃኒት ቀማሚ · ረቡዕ ማታ 3፡40

ዚንኩም ቀላል አይደለም። ለአዋቂ ከሁሉም ምንጭ ተደምሮ የቀን ጣሪያው 40 ሚሊግራም ነው። ዚንክ ሲበዛ አንጀት ውስጥ መዳብን የሚይዝ ፕሮቲን ይበዛል፣ መዳቡ ወደ ደም ሳይገባ ከሰገራ ጋር ይወጣል። መዳብ ደግሞ ብረትን ከጎተራው አውጥቶ ወደ መቅኔ ለማጓጓዝ ያስፈልጋል። መዳብ ያጣ ሰው ብረት እያለው ደሙ ያንሳል፣ ነጭ የደም ሴሉም ይወርዳል። የብረት ክኒን የማይሽረው ደም ማነስ ይሆናል። እናትሽ በጨረርና በኬሞ፣ በሲስፕላቲኑ ማለት ነው፣ ነጭ ሴሏ ሊወርድ ነው፤ ሌላ የሚያወርድ ነገር አትጨምሩባት።

አክስትሽን እንዲህ በያት፦ ሐኪሙ ሕክምናው እስኪያልቅ ምንም እንዳትወስድ ብሏል፣ አስቀምጠንልሻል። ቅር አይላትም።


የጨረር ክፍል · ረቡዕ ማታ 4፡25

መምህር፣ ስለ ኮባልት ሦስተኛውን እኔ ልጨርስ። ኮባልት 60 የሚባለው ኒውክሌር ማብለያ ውስጥ ከተራው ኮባልት የሚሠራ ነው፤ በ5.27 ዓመት ግማሹ ያልቃል። ካንሰር ለማከም መጀመሪያ የተጠቀሙበት ካናዳውያን ናቸው፣ በ1951 እ.ኤ.አ.። ጥቁር አንበሳም እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ጨረር ሕክምና የጀመረው በኮባልት ማሽን ነው፤ ከሁለት አስርት ዓመት በላይ በአገሪቱ ብቸኛው ማዕከል እሱ ነበር። ከነቀምቴም ከጎዴም የመጣ ሰው እዚያው ኮሪደር ላይ ነበር የሚሰለፈው።

ሲስፕላቲንም ውስጥ የብረት ዘር፣ ሜታል፣ አለ፤ መሃሉ ላይ ያለው ፕላቲነም ነው። ሮዘንበርግ የሚባል አሜሪካዊ በ1965 እ.ኤ.አ. በፕላቲነም ሽቦ ኤሌክትሪክ ባክቴሪያ ላይ ሲያሳልፍ ባክቴሪያዎቹ እየረዘሙ መከፈል አቆሙ። ከሽቦው የወጣው ውሕድ ነበር ያቆማቸው። ዲኤንኤውን ያቆላልፈዋል፣ ጨረር የሰበረው እንዳይጠገንም ያደርጋል። እ.ኤ.አ. በ1999 አምስት ጥናቶች አንድ ላይ ታይተው ለማሕፀን በር ካንሰር ጨረርና ሲስፕላቲን አንድ ላይ ሲሰጡ የመሞት ዕድል ከ30 እስከ 50 በመቶ እንደሚቀንስ ተነገረ። እናትሽ የምትወስደው ይህን ነው። ተስፋ አድርጉ።

ዋጋ ግን አለው። ሲስፕላቲን ኩላሊትን ይጎዳል፣ ኩላሊት ደግሞ ኤሪትሮፖይቲን የሚወጣበት ነው፤ ስለዚህ ደሟ በሕክምናው መሃል እንደገና ሊወርድ ይችላል። ጨረሩም ዳሌዋ ላይ ነው፤ ከአዋቂ ሰው ደም አምራች መቅኔ ከሩብ በላዩ ዳሌ ውስጥ ነው። በየሳምንቱ ሲቢሲ የሚባለው የደም ሴል ቆጠራ አይቅር። ከኬሞው በፊትና በኋላ ፈሳሽ ትውሰድ፣ ሽንቷ ከቀነሰ ወይም ጆሮዋ ከጮኸ ዝም አትበል።

ጠቅላላ ሕክምናው ከ8 ሳምንት እንዳያልፍ ተጠንቀቁ። ቀን በተዘለለ ቁጥር ካንሰሩ ጊዜ ያገኛል። ለልቅሶም ለክርስትናም ብላችሁ አንድ ቀን እንዳታስቀሯት።


የሰንጋተራዋ · ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ቅዳሜ ከሰዓት 9፡00

ዘገየሁ፣ ይቅርታ። የእርሳሱ ናሙና ወደ ውጭ ተልኮ ስለነበር ውጤቱን ስንጠብቅ ነው።

ወንድሜ 58። ፌሪቲኑ ደህና ነው፤ ብረቱን እንዲያቆም ተደርጓል። ሐኪሙ ከሥራው ወዲያው እንዲወጣ ነግሮታል። እርሳስ የሚያወጣ መድኃኒት ለጊዜው አልተሰጠውም፤ ወደዚያ ሥራ እየተመለሰ ቢወስደው ጭራሽ የባሰ እርሳስ ሊገባበት እንደሚችል አስረድተውታል። የልጄ 11 ነው። ሳነበው ወረቀቱ ላይ አለቀስኩ። የእማዬ 9 ነው፣ ፌሪቲኗ ግን 6 ብቻ ነበር። ሁለት ከረጢት ደም ተሰጣት፣ 10.7 ደረሰች፣ ጨረሩን ጀምራለች። ዛሬ አሥራ አንደኛ ቀኗ ነው። አንድም ቀን አልቀረችም።

ወንድሜ ሥራ ሲያጣ ምናለሽ ተራ ቁርጥራጭ ብረት መግዛትና መሸጥ ልጀምር ነው ይላል። ደስ ብሎኛል፣ ባትሪ ካልሆነ አልኩ። ልክ ነኝ?


የጨረር ክፍል · ቅዳሜ ማታ 1፡30

እናታችን በመጀመሯ በጣም ደስ ብሎኛል።

ስለ ቁርጥራጩ ሥራው ጥሩ ነው፤ አንድ ነገር ብቻ ይወቅ። ብራዚል ጎያኒያ ከተማ በመስከረም 1987 እ.ኤ.አ. ሁለት ቁርጥራጭ ሰብሳቢዎች ከተተወ የጨረር ክሊኒክ ውስጥ ከባድ የብረት ዕቃ ወስደው ፈቱት። ውስጡ በጨለማ ሰማያዊ የሚያበራ ዱቄት ነበር፣ ሲዚየም 137። ዕቃውን የገዛቸው የቁርጥራጭ ነጋዴ ዱቄቱን ለቤተሰብና ለወዳጅ አካፈለው። 249 ሰው ተበከለ፣ አራት ሰው ሞተ፤ ከሞቱት አንዷ የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። መቅኔያቸው ደም ማምረት አቁሞ ነው ያለቁት፤ ጨረር መጀመሪያ የሚመታው ቶሎ ቶሎ የሚከፈለውን ሴል ነውና። ለተረፉት ከተሰጡት መድኃኒቶች አንዱ ፕሩሺያን ብሉ የሚባል የብረት ውሕድ ነበር፤ አንጀት ውስጥ ሲዚየሙን ይዞት ይወጣል። ታይላንድም በ2000 እ.ኤ.አ. የአሮጌ ኮባልት ማሽን ራስ ቁርጥራጭ ገበያ ገብቶ ሦስት ሰው ገድሏል።

ስለዚህ ለመጠኑ በጣም የሚከብድ፣ እርሳስ የተለበጠ፣ ቢጫ ላይ ሦስት ቅጠል የመሰለ ጥቁር ምልክት ያለበት ዕቃ ካየ አይፍታ፣ አይቁረጥ፣ አይግዛ። ርቆ ለፖሊስ ይደውል። አሮጌ ባትሪም እንዳይቀበል።


ናርዶስ የሕፃናት · ቅዳሜ ማታ 2፡10

11 ማለት ምንጩ ከተዘጋ የሚወርድ ቁጥር ነው። ከአንድ እስከ ሦስት ወር ውስጥ ድገሚላት። ምግቧን እንደነገርኩሽ። ማልቀስሽ ያለ ነው፤ ልጅቷን ያስመረመርሽው ግን አንቺ ነሽ።


ባትሪ ቤት የኖርኩ · ቅዳሜ ማታ 3፡55

እኔም ሄጄ ተመርምሬ መጣሁ። ከወጣሁ ስምንት ዓመቴ ነው ብያችሁ ነበር። 17። ሐኪሙ እርሳስ ከደም በወራት ይቀንሳል፣ አጥንት ውስጥ የገባው ግን አስርት ዓመታት ይቆያል፣ ቀስ እያለ ወደ ደም ይመለሳል አለኝ። ባለቤቴንም ወስጃታለሁ፤ የእሷን እየጠበቅን ነው።

እህቴ፣ ወንድምሽ ፈቃደኛ ከሆነ አገናኚን። እሱ ይሠራበት የነበረው ቤትና ጎኑ ያሉት ሁለት ቤቶች ውስጥ አሁንም ሰባት ልጆች አሉ፤ ሁለቱን አውቃቸዋለሁ፣ አንዱ 17 ዓመቱ ነው። ሥራውን ተዉ ልላቸው አልችልም፣ የሚበሉት ከዚያ ነው። ቢያንስ ምሳቸውን ውጭ ታጥበው እንዲበሉ፣ ቱታውን እዚያው እንዲያወልቁ፣ ለማቅለጫው ጣሪያና የጭስ መውጫ እንዲሠራ አሠሪውን እንዲጠይቁ እንንገራቸው። ከኔ ይልቅ ከሳምንታት በፊት አብሯቸው ከነበረ ሰው ቢሰሙት ይሻላል። የፊታችን ቅዳሜ ግማሽ ቀን ነው የሚሠሩት፤ ከ7 ሰዓት በኋላ ነፃ ናቸው።


የሰንጋተራዋ · ቅዳሜ ማታ 4፡20

አነበብኩለት። የመረመሩትን ወረቀት ኮፒ አድርጌ ይዤ እመጣለሁ፣ 58 የሚለውን በዓይናቸው ይዩት ብሏል። 7 ሰዓት ተክለሃይማኖት ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ይጠብቅሃል።